የሰረጎደ መኪና ቀለሙ ሳይነካ ሲቃና

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ብሂል የተነገረው ስለ እሳት ቢሆንም ለብረትም ይሠራል። ትንሽ ሳለ በትንሽ ድካም ሊታረም የሚችል ጉዳት ችላ ሲሉት፤ ወይም ያለ አግባብ ሲነካኩት ትልቅ ይሆናል። ይህ እውነት በየዕለቱ ከሚታይባቸው ነገሮች አንዱ አውቶሞቢል ነው።

አንድ መኪና አጠገቡ የቆመው የሌላው መኪና በር ሲከፈት ቢመታው፤ ከብት በቀንዱ ቢገፋው፤ ወይም ከግቢ ሲወጣ ዓምድ ቢታከክ በጎኑ ላይ የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ስርጉድ ይወጣበታል። ባለቤቱም ወደ ጋራዥ ይወስደዋል። እዚያ የተለመደው ሥራ ይሠራል፤ ይኸውም ላሜራው በመዶሻ ይቀጠቀጣል፤ ጎድጓዳው በስቱኮ ይሞላል፤ ስቱኮው በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል፤ በመጨረሻም ቀለም ይቀባል። መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ ያማረ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ተመልሶ የማይገኝ ነገር ጠፍቷል፤ እርሱም በፋብሪካ የተቀባው የመጀመሪያው ቀለም ነው።

ቀለሙ ያልተሰነጠቀ ትንሽ ስርጉድ ያለ ስቱኮና ያለ አዲስ ቀለም ሊቃና ይችላል። ይህ ሙያ በሌላው ዓለም ብዙ ዘመን የሠራ ነው። በአገራችንም ለመኪና ባለቤት፤ ለመሥሪያ ቤት ሹምና ሥራ ለሚፈልግ ወጣት የሚጠቅም ስለሆነ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ ቀጥሎ እንመለከታለን።

የመተከል መንገድ

ገነተ ማርያም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፤ በመተከል ዞን የማንዱራ ወረዳ ከተማ ናት። ከቻግኒ ተነሥቶ ወደ ግልገል በለስ፤ ከዚያም ወደ ማንቡክና ወደ ጉባ የሚዘልቀው መንገድ የሚያልፈው ይህንኑ ወረዳ አቋርጦ ነው። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጣለበት ጊዜ ጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከ ተመረቀበት ድረስ ለግድቡ ዕቃ የጫኑ ከባድ መኪኖች በመተከል ምድር ሲመላለሱ ኖረዋል። የነጋዴው አይሱዙ፤ የሕዝብ ማመላለሻው ሚኒባስ፤ የመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕና የጤና ጣቢያው አምቡላንስም በዚሁ መንገድ ይገናኛሉ። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ጠጠር ከጎማ ሥር ይፈናጠራል፤ ከብት ሳይታሰብ ይገባል፤ በገበያ ቀን ሰውና ተሽከርካሪ ይጨናነቃል። ትንንሽ ስርጉዶች የሚበዙት እንዲህ ባለ ስፍራ ነው።

ከዚያ ተነሥቶ ባሕር ዳር ለመድረስ ቻግኒንና እንጅባራን ማለፍ ያስፈልጋል። ከትልቅ ከተማ ርቆ ለሚኖር ሰው መኪናን ማስቀባት ሁለት ዓይነት ኪሣራ አለው፤ አንደኛው የገንዘብ ነው፤ ሁለተኛው የቀን ነው። ስቱኮው መድረቅ አለበት፤ ቀለሙ መቀመም አለበት፤ የተቀባውም መድረቅ አለበት። አንድ አምቡላንስ ወይም የግብርና ባለሙያ ወደ ገበሬው የሚጓዝበት መኪና ስለ አንድ ትንሽ ስርጉድ ሳምንት ጋራዥ ቢቆም፤ ከመኪናው ይልቅ የሚጎዳው መኪናውን የሚጠብቀው ሰው ነው።

ላሜራና ቀለም ምንድን ናቸው

የነገሩን ምሥጢር ለመረዳት የመኪናውን ቆዳ ማወቅ ያስፈልጋል። የዘመኑ አውቶሞቢል የውጭ ላሜራ አብዛኛውን ጊዜ ውፍረቱ ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ በተለመደው 0.7 ወይም 0.8 ሚሊሜትር ይሆናል። በዚህ ቀጭን ብረት ላይ ፋብሪካው አራት ያህል ልባስ ያለብሰዋል። የመጀመሪያው ዝገት ተከላካይ ልባስ ነው፤ የመኪናው አካል በሙሉ ትልቅ ገንዳ ውስጥ ይነከርና ልባሱ በኤሌክትሪክ ኀይል በየስርቻው ገብቶ ይጣበቅበታል። ሁለተኛው ገጹን የሚያስተካክለው መደብ ነው። ሦስተኛው ዐይናችን የሚያየው ኅብረ ቀለም ነው። አራተኛው እንደ መስተዋት ብርሃን የሚያሳልፈው የላይኛው ቫርኒሽ ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው።

ይህ ልባስ ጽናት ያገኘው በእሳት ነው። ፋብሪካው መኪናውን የሚቀባው ጎማው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦውና ወንበሩ ሳይገጠምበት፤ ባዶ ብረት ሳለ ነው። ስለዚህም ከ100 ዲግሪ በእጅጉ በሚበልጥ ሙቀት በትልቅ ምድጃ ውስጥ ያበስለዋል። ጋራዥ ግን የሚቀባው ሙሉ መኪና ነውና እንዲህ ላድርግ ቢል ፕላስቲኩንና ሽቦውን ያቀልጠዋል። እንግዲህ የጋራዡ ቀለም ቀቢ የቱንም ያህል ባለሙያ ቢሆን፤ የፋብሪካውን የመጀመሪያ ልባስ መልሶ ሊያመጣው አይችልም። የመጀመሪያውን ቀለም ማዳን የሚገባውም ስለዚህ ነው።

ብረቱ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ላሜራን በጣት ጫን አድርገው ቢለቁት ተመልሶ ይቃናል። ከልኩ አልፎ ሲገፋ ግን እጥፋቱ ይጸናበታል። በአንድ ትንሽ ስርጉድ ውስጥ በእርግጥ የተጎዳው ግን ሁሉም ብረት አይደለም። ከልኩ ያለፈው የተመታው መካከሉና በዙሪያው እንደ ቀለበት የሚነሣው ጉብታ ነው፤ የቀረው ብረት እንደ ታሰረ ምንጭ ሽቦ ወደ ቦታው ለመመለስ ይፈልጋል። ማሰሪያው ከተፈታለት አብዛኛው በራሱ ይመለሳል። የሙያው መሠረት ይኸው ነው።

ባትላሜራና ስቱኮ

የመጀመሪያው አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ መኪና በአገራችን ተጋጭቶ ሳይቃና የቀረበት ዘመን የለም። የጋራዥ ቋንቋችን ግን የሚመሰክረው ስለ ጣልያኖች ነው። ላሜራ ቀጥቅጦ የሚያቃናውን ባለሙያ ባትላሜራ እንለዋለን። የሞተሩን ክዳን ኮፈን፤ የጎማውን ከለላ ፓራፋንጎ፤ የግጭት መከላከያውን ፓራውልት፤ መሙያውን ስቱኮ ብለን የምንጠራው ሁሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ቃሉ ቀርቶልን ሙያውን ደግሞ የራሳችን ሰዎች ወርሰው አዳብረውታል። በከባድ ግጭት የተጨረመተን መኪና ከሞት የሚያስነሣው ባትላሜራ ነው፤ ያለ እርሱ ብዙ መኪና ቆሻሻ ላይ በተጣለ ነበር።

ይሁን እንጂ ለከባድ ጉዳት የተፈጠረ መድኃኒት ለቀላል ሕመም ሲሰጥ ይጎዳል። መዶሻ ብረቱን በመዶሻና በደጋፊ ብረት መካከል ጨምቆ ያሳሳዋል፤ የሳሳ ብረት ይሰፋል፤ የሰፋውም ተመልሶ በቦታው አይገባም። ቀለሙም በመዶሻው ይፈረካከሳል። በዚህ ላይ የሚደረገው ስቱኮ በወፍራሙ ከተለጠፈ ወይም በእርጥብ ብረት ላይ ከተደረገ ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ውሃ ይገባል። እንደ መተከል ረጅምና ዝናባም ክረምት ባለበት አገር ደግሞ ከስቱኮው ሥር ዝገቱ ተደብቆ ይሠራል። ባለቤቱ የሚያውቀው ቀለሙ እንደ እንጀራ ዐይን ሲያኮፈኩፍ ነው።

ሙያው እንዴት አደገ

ላሜራን በብልሃት የማቃናት ዕውቀት በመጽሐፍ መጻፍ ከጀመረ ቆይቷል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት ፍራንክ ሳርጀንት የተባለ አሜሪካዊ በዚሁ ጉዳይ ያዘጋጀው መጽሐፍ እስከ ዛሬ በሙያው ሰዎች ዘንድ ይታወቃል። ከትምህርቱ ዋናው ጉዳት በመጣበት መንገድ ወደ ኋላ ይመለስ የሚል ነው፤ ማለት በመጨረሻ የታጠፈው በመጀመሪያ ይቃና፤ በመጀመሪያ የተመታው በመጨረሻ ይነካ።

ቀለሙን ሳይነኩ የማቃናቱን ሥራ በዓለም ላይ በብዛት ያስፋፋው ደግሞ የሰማይ በረዶ ነው። ለምሳሌ ያህል ሐምሌ 5 ቀን 1976 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ የወረደው በረዶ ከመቶ ሺህ የሚበልጡ መኪኖችን አጨራምቷል። በረዶ አንድን መኪና በመቶ በሚቆጠር ስፍራ ያሰረጉደዋል፤ ቀለሙን ግን ብዙ ጊዜ አይሰነጥቀውም። ይህን ሁሉ መኪና ፍቆ መቀባት ለባለቤቱም ለኢንሹራንስ ኩባንያውም የማይቻል ሸክም ነው። ስለዚህ ከውስጥ እየገፉ የሚያቃኑ ባለሙያዎች ተፈላጊ ሆኑ፤ ሙያውም ራሱን የቻለ የእንጀራ መንገድ ሆነ።

ሥራው እንዴት ይሠራል

በመጀመሪያ መኪናው በሚገባ ይታጠባል። አቧራ በጨርቅ ሥር ሆኖ ቀለሙን ይጭራልና ሳይታጠብ አይነካም። ቀጥሎ ባለሙያው ሕመሙን ይመረምራል። ጥፍሩን በስርጉዱ ላይ በቀስታ ይስባል፤ ጥፍሩን የሚይዘው ስንጥቅ ካለ ይህ ሥራ ለእርሱ አይሆንም። በእጅ ስልክ ካሜራ አቅርቦ ማየትም ይረዳል።

ሁለተኛው መሣሪያ ብርሃን ነው። ዐይን ስርጉዱን ራሱን ከማየት ይልቅ በላዩ የሚያርፈውን ብርሃን ቢመለከት ይሻለዋል። ባለሙያው ቀጥ ያሉ መስመሮች ያሉበት መብራት ከመኪናው ጎን ያቆማል። መስመሮቹ በደህናው ላሜራ ላይ ቀጥ ብለው ይታያሉ፤ በስርጉዱና በጉብታው ላይ ግን ይጣመማሉ። ሥራው የሚያልቀው መስመሮቹ እንደገና ቀጥ ሲሉ ነው። መብራት ባይገኝ ነጭ ሰሌዳ ላይ ጥቁር መስመር አስምሮ ከመኪናው ጎን ማቆም ለጀማሪ ይበቃል።

ሦስተኛው ከውስጥ መግፋት ነው። ለዚህ የሚያገለግሉት ጫፋቸው የታጠፈና የተሞረደ ጠንካራ የብረት ዘንጎች ናቸው። ዘንጉ በመስኮቱ መስተዋት መግቢያ፤ በመብራቱ ቀዳዳ ወይም በውኃ መውጫው በኩል ይገባና ከስርጉዱ ሥር ይደርሳል። ባለሙያው መካከሉን በአንድ ኀይል አይገፋውም። ከዳር ጀምሮ እየዞረ ወደ መካከል ይመጣል፤ እያንዳንዱ ግፊት በዐይን ለማየት የሚያስቸግር ትንሽ ነው። አንዱን ስፍራ አብዝቶ የገፋ እንደሆነ ላሜራው ብጉር ያወጣል፤ ብጉሩን ለማጥፋት ደግሞ ሌላ ድካም ይሆናል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ለዚህ ሙያ የተነገረ ይመስላል።

አራተኛው በዙሪያው የተነሣውን ጉብታ ዝቅ ማድረግ ነው። ጫፉ ከፕላስቲክ የተሠራ ትንሽ መውጊያ በጉብታው ላይ ይያዝና በቀላል መዶሻ ኳ ኳ ይደረጋል። ብዙ ጀማሪ ይህን ይረሳል፤ ጉብታው ካልወረደ ግን ስርጉዱ ከታሰረበት አይፈታም።

ከውስጥ መድረሻ ከሌለ፤ ለምሳሌ የበሩ ማጠናከሪያ ብረት መንገድ ከዘጋ፤ በሙጫ መሳብ ይቻላል። በሙቀት የቀለጠ ሙጫ በትንሽ የፕላስቲክ እግር ላይ ይደረግና በስርጉዱ ላይ ይለጠፋል። ሙጫው ሲረጋ በመሳቢያ መሣሪያ ይሳባል፤ ከዚያም ሙጫው በአልኮል ይለቃል። የፋብሪካው ቀለም ብረቱን አጥብቆ ስለያዘ ይህን ስበት ይችላል። ቀድሞ በጋራዥ የተቀባ ላሜራ ግን ቀለሙ ከሙጫው ጋር ተልጦ ሊነሣ ይችላልና መጠንቀቅ ይገባል።

በቤት የሚሞከረውና የማይሞከረው

የፕላስቲክ ፓራውልት ከሰረጎደና ካልተሰነጠቀ፤ ባለቤቱ ራሱ ሊያቃናው ይችላል። የፈላ ውሃ በስርጉዱ ላይ ቀስ እያሉ ሲያፈሱበት ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፤ በዚህን ጊዜ ወፍራም ጓንት አድርጎ ከውስጥ በኩል በእጅ መግፋት ነው። ወደ ቦታው እንደ ተመለሰ ቀዝቃዛ ውሃ ቢያፈሱበት ይጸናል። ልጆች በአጠገብ እንዳይኖሩ ማድረግ ግን የግድ ነው።

ሰፊና ለስላሳ የሆነ፤ እጥፋት የሌለበት ስርጉድ በጎማ መምጠጫ ሊወጣ ይችላል። ጎማውን በውሃ አርሶ መለጠፍና ቀጥ አድርጎ መሳብ ይበቃል። በፀጉር ማድረቂያ አሙቆ በበረዶ ማቀዝቀዝ ነው ተብሎ የሚወራው ዘዴ ግን እጥፋት ለያዘ ስርጉድ የሚፈይደው ነገር የለም። መካከሉን በእንጨት ከውስጥ መደብደብም ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል፤ ባለሙያው አንድ ሰዓት ሊፈጅበት የሚችለውን ሥራ ፈጽሞ የማይሆን ያደርገዋል።

ከዚህም ሌላ ጥንቃቄ የሚገባቸው ስፍራዎች አሉ። በአዳዲስ መኪኖች ጣራ ጠርዝ ውስጥ በግጭት ጊዜ የሚነፋ የአየር ከረጢት ስላለ፤ ዘንግ እንዲሁ አይገባበትም። በኤሌክትሪክ የሚሄዱት መኪኖች ደግሞ ባትሪያቸው ከወለሉ ሥር ነው፤ ከፍተኛ ኀይል የሚያስተላልፉት ሽቦዎችም ብርቱካናማ ቀለም አላቸው። እነዚህን የሚነካ ለዚሁ የተማረ ሰው ብቻ ይሁን። የበሩ ወይም የፓራፋንጎው ስርጉድ እንደ ማናቸውም መኪና ይቃናል፤ ወለሉ የተመታ እንደሆነ ግን ነገሩ የቁንጅና ጉዳይ ስላልሆነ ሳይመረመር መነዳት የለበትም።

መቼ አይሆንም

ቀለሙ ከተሰነጠቀ፤ ላሜራው እንደ ተቀደደ ወረቀት ጠርዝ ስለት ካወጣ፤ ስርጉዱ በበሩ ወይም በኮፈኑ የመጨረሻ ጠርዝ ላይ ከሆነ፤ ወይም የመኪናው ዋና አጥንት ከተነካ፤ ትክክለኛው ሰው ባትላሜራው ነው። ቀለሙ የተሰነጠቀ መኪና ወደ ጋራዥ እስኪሄድ ድረስ እንኳ ሳይውል ሳያድር ስንጥቁ ይጽዳ፤ ይድረቅ፤ ዝገት መከላከያ ቀለም ይነካካ። ክረምት ከመግባቱ በፊት የተደረገ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አንድ በር ሊያድን ይችላል።

በስቱኮ የተሞላ ላሜራም በዚህ ዘዴ አይቃናም፤ ሲገፋ ስቱኮው ይፈነቀላልና። ይህን ለማወቅ ትንሽ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልሎ በላሜራው ላይ ማንሸራተት ነው። በብረቱ ላይ ማግኔቱ ይይዛል፤ ወፍራም ስቱኮ ባለበት ይላላል ወይም ይወድቃል። ይህች ቀላል ምርመራ ያገለገለ መኪና ለመግዛት ለተነሣ ሰው ትልቅ ጥቅም አላት፤ መኪናው ያልተነገረለትን የግጭት ታሪክ ትገልጥለታለች። አሉሚኒየምና ፕላስቲክ ማግኔትን እንደማይስቡ ግን አስቀድሞ ማወቅ ያሻል።

ለማን ይጠቅማል

በኢትዮጵያ መኪና ለባለቤቱ የዕድሜ ልክ ንብረት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ። ይህ ሁሉ የሚያስገነዝበን በእጅ ያለውን መኪና በጥንቃቄ ማቆየት የሚገባ መሆኑን ነው። የፋብሪካ ቀለሙን እንደ ያዘ የቆየ መኪና ከዝገት የዳነ ከመሆኑም በላይ፤ ሊሸጥ ሲወጣ ገዢው ያምነዋል።

የመንግሥት ሠራተኛ ለሆነው አንባቢያችን ደግሞ የሚነገር አንድ ነገር አለ። የመሥሪያ ቤት መኪና ሲሰረጉድ ሾፌሩ ፈርቶ እንዳይደብቀው፤ ሹሙም ተቆጥቶ እንዳያስደብቀው ያስፈልጋል። የተደበቀ ስርጉድ ዝገት ይሆናል፤ የዝገቱን ዋጋ የሚከፍለው የሕዝብ ገንዘብ ነው። ጉዳቱ በዕለቱ ይመዝገብ፤ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ መኪናው ኢንሹራንስ ካለው ማንም ከመንካቱ በፊት ለኩባንያው ይነገር። ከዚያም ጋራዡን «ይህ ሳይቀባ ሊቃና ይችላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጥያቄው ምንም አያስከፍልም፤ ብዙ ጊዜ ግን ብዙ ያድናል።

ለተማሪውና ሥራ ለሚፈልገው ወጣትም በሩ ክፍት ነው። ለዚህ ሙያ ቀለም መርጫ ክፍል አያስፈልግም፤ ብዙ ካፒታልም አይጠይቅም። ጥቂት ዘንጎች፤ አንድ መብራት፤ የሙጫ መሣሪያና ትዕግሥት ይበቃሉ። ዘንጉንም ቢሆን ብረት መሥራት የሚያውቅ ሰው ከጠንካራ ብረት አጥፎ፤ ሞርዶና አልስልሶ ሊያዘጋጀው ይችላል። የሚያስቸግረው ዐይንንና እጅን ማስማማት ነው። ስለዚህ ጀማሪ በሰው መኪና ላይ አይማርም። ከወደቀ መኪና የተነሣ አንድ አሮጌ ኮፈን ፈልጎ፤ ራሱ እያሰረጎደ፤ ራሱ እያቃና፤ ዘንጉ የት እንደ ደረሰ ብርሃኑን አይቶ ወዲያው እስኪያውቅ ድረስ ወራት ይለማመድበታል። እንደ ገነተ ማርያም ባለ የመንገድ ከተማ አንድ እንዲህ ያለ ባለሙያ ቢገኝ፤ ከጥዋት የገባው አምቡላንስ ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል።

ባትላሜራው ይህን እንደ ባላንጣ ሊያየው አይገባም። ከባድ ጉዳት ሁልጊዜ የእርሱ ነው። እንዲያውም ላሜራን ከማንም ይበልጥ የሚያውቀው እርሱ ስለሆነ፤ አዲሱን ሥራ ፈጥኖ የሚማረውም እርሱ ይሆናል። መዶሻ የሚነሣበትንና የማይነሣበትን ቀን ለይቶ የሚያውቅ ሠራተኛ በማናቸውም ጋራዥ ይከበራል። የመኪና ባለቤትም ለመቀባት ከመቸኮሉ በፊት ጥፍሩን በስርጉዱ ላይ ስቦ ይመልከት፤ ቀለሙ ደህና ከሆነ መቃናት የሚገባው ብረቱ ብቻ ነው።